ኮመን ሎው ከፈረንሳይኛ ጋር ተምሮ እዚህ ጠበቃ መሆን ይቻላል?

የቱሉ ዲምቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ እንግሊዝ አገር የእነሱን ህግ (ኮመን ሎው የሚሉትን፣ በዳኞች ውሳኔ ላይ የተገነባውን) ከፈረንሳይኛ ጋር ለመማር ስኮላርሺፕ አግኝቷል። አራት ዓመት ነው፤ አንዱን ዓመት ፈረንሳይ ሄዶ የእነሱን ህግ በቋንቋቸው ይማራል። ፈረንሳይኛውን የተማረው ከቱሉ ዲምቱ ፒያሳ አሊያንስ ድረስ እየተመላለሰ ነው። የታክሲውን ሰልፍ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አባታችን ግን «የእንግሊዝ ህግ እዚህ ምን ይሠራለታል?» ብሎ ከፍቶታል። ልጁ ተመልሶ እዚሁ ጥብቅና መቆም ነው የሚፈልገው። የህግ ሰዎች ካላችሁ ቁርጡን ንገሩኝ።

ገላን ሰፈር፦
አባትሽ እውነት አላቸው። ሲመለስ ዲግሪውን የአቻ ግምት ማሠራት አለበት፣ ከዚያ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና አለ። ፈተናው የሚጠይቀው የኢትዮጵያን ህግ ነው። እሱን ብቻውን ቁጭ ብሎ ማጥናት ሊኖርበት ነው።

ጠበቃ ዘአቃቂ፦
እህቴ፣ ስለ ፈቃዱ የተባለው ልክ ነው። «ምን ይሠራለታል» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የእኛ ህግ ራሱ የፈረንሳዩና የእንግሊዙ ቅልቅል ነው።

የፍትሐ ብሔር ህጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀ ሲሆን የቤተሰቡ ክፍል ቢለወጥም ውሉና ካሳው ዛሬም የምንሠራበት ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ህግ ደግሞ ከህንዱ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የህንዱን ያወጡት እንግሊዞች ናቸው። ችሎት ገብተሽ ምስክር ሲሰማ ካየሽ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ ሲባል ትሰሚያለሽ። ይሄ የኮመን ሎው መንገድ ነው።

አንድ ጉዳይ ላሳይሽ። እንግሊዝ አገር አንደኛ ዓመት የሚማሩት የ1932 እ.ኤ.አ. ክርክር አለ። አንዲት ስኮትላንዳዊት ጓደኛዋ የጋበዘቻትን ጂንጀር ቢራ ጠጣች። ከጠርሙሱ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፣ ታመምኩ ብላ ከሰሰች። የገዛችው እሷ ስላልሆነች ውል የላትም። ዳኞቹ ግን አምራቹ ለመጨረሻው ጠጪ መጠንቀቅ አለበት ብለው መርህ አወጡ። እኛ ጋ ይሄው ጉዳይ ቢመጣ መነሻችን የፍትሐ ብሔር ህግ ቁጥር 2028 ነው፦ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ። የፈረንሳዩ 1240ም ይህንኑ ይላል። ወንድምሽ በሁለቱም መንገድ ማሰብ ይለምዳል።

ይሄ ዛሬ በጣም ያስፈልጋል። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የህግ ትርጉም የስር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አንቀጽ ብቻ ይዞ መከራከር ቀርቷል። ባላጋራ የሰበር ውሳኔ ሲያቀርብብሽ ፍሬ ነገሩን ለይተሽ «ይሄ ለእኔ ጉዳይ አይሆንም» ማለት መቻል አለብሽ። ብዙዎቻችን ይህን የተማርነው ሥራ ላይ ነው። የኮመን ሎው ተማሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን የሚሠራው እሱን ነው። ይሂድ ባይ ነኝ፣ ከልቤ።

የቱሉ ዲምቷ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፈረንሳይ ሲሄድ ምን ምን ይምረጥ?

ጠበቃ ዘአቃቂ፦
ውልና ከውል ውጭ ኃላፊነት። ንብረትም ቢጨምር ጥሩ ነው።  ክረምት ለእረፍት ሲመጣ የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ያንብብ፤ ሌዢፍራንስ በሚባለው የፈረንሳይ መንግሥት የህግ ድረ ገጽ ላይ የፈረንሳዩ ህግ በነጻ ስላለ አንቀጹን ከእኛው ጋር ጎን ለጎን እያየ። ለፈቃዱ ፈተናም ያኔውኑ ተዘጋጀ ማለት ነው።