አስቸኳይ፦ አባቷ ልጄን አጋሮ ወስዶ አልመልስም አለ

የሂርማታዋ፦ እባካችሁ እርዱኝ፤ ጅማ ሂርማታ ነው የምኖረው። ቅዳሜ አባቷ "እናቴ የልጅ ልጇ ናፍቃታለች" ብሎ ልጄን አጋሮ ወሰዳት። እሁድ ማታ ሊመልሳት ነበር። አሁን ስደውል "እዚሁ ኬጂ አስገባታለሁ፣ ከፈለግሽ ክሰሺ" ይለኛል። ፖሊስ ጋ ብሄድ "የቤተሰብ ጉዳይ ነው" ብለው መለሱኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፤ እስከ 5 ዓመት ልጅ የእናት አይደለም እንዴ? ወላሂ እንቅልፍ የለኝም።

አባ ቡና፦ አጋሮ ምን አላት? ሚኒባስ ተሳፈሪ፣ ቡናቸውን ጠጪ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ 😄

ሽምግልና፦ የሰፈር ሽማግሌ ላኪበት። ፍርድ ቤት ዘመድ ያቃቅራል።

ሚዛን፦ አባ ቡናን እንዳትሰሚው! በር ላይ ጉልበት ከተነሳ ተከሳሿ አንቺ ነሽ። ደግሞ ዋናውን አልጻፍሽውም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለሽ? ከሌለሽ እናትም አባትም በልጁ ላይ እኩል ናቸው፤ ፖሊሶቹም የመለሱሽ ለዚህ ይሆናል።

መምህሩ፦ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። ያ "እስከ 5 ዓመት ለእናት" የሚባለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 681 ነው፤ እሱም ቢሆን ከባድ ምክንያት ካለ ይቀራል ይል ነበር። የቤተሰብ ሕጉ አዋጅ 213/1992 አንቀጽ 113 ዕድሜ አይቆርጥም፤ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም እዩ ይላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ የልጁን ደኅንነት ያስቀድማል...

ቆጪ፦ መምህር፣ 213 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው። ጅማ ኦሮሚያ ናት፤ የራሷ የቤተሰብ ሕግ አላት፣ አዋጅ 69/1995፣ በ83/1996 የተሻሻለው። እናትየዋን የተሳሳተ አዋጅ አስይዘህ አትላካት።

እኔም አባት ነኝ፦ አባት ልጁን አያቷ ጋ ወሰደ እንጂ አልጠለፈ! እኔ ልጄን ለማየት በር ላይ ስንቴ ቆሜያለሁ፣ ያን ጊዜ "አስቸኳይ" ያለልኝ የለም።

ሚዛን፦ ወንድሜ፣ ብሶትህ ይገባኛል፤ ግን እሷ የምትጠይቀው ለአራት ዓመት ልጅ ነው። ደግሞ አባትነት ብቻውን አይበቃም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ እናቱ የሞተችበትን ልጅ አባት "የእኔ ነው" ብሎ ሲጠይቅ፣ ላሳደገችው አክስት ወስኗል። ሰበር የሰጠው ትርጉም ክልል ያለውንም ዳኛ ያስገድዳል።

የሂርማታዋ፦ ትእዛዝ የለንም። በኒካህ ነው የተጋባነው፣ ማዘጋጃ አልፈረምንም። ከተለያየን ቆይቷል። እሱ ሸሪዓ እንሂድ ይላል።

ኪያ፦ ካልፈረማችሁ ጋብቻ የለም፣ በቃ።

ቆጪ፦ ስህተት። ኒካህ ሕጋዊ ጋብቻ ነው፣ በምስክር ይረጋገጣል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ደግሞ ሁለታችሁም ካልተስማማችሁ አያይም (ሕገ መንግሥት 34)። አስበሽበት እሺ በይ ወይም አትበይ፤ በስልክ ተቻኩለሽ መልስ እንዳትሰጪው።

ሽምግልና፦ እኔ ግን አሁንም ሽማግሌ ላኪ ነው የምለው።

ሚዛን፦ ሽማግሌውም ይሂድ፣ አንቺ ግን ነገ ጠዋት ወረዳ ፍርድ ቤት ሁኚ። ከፍቺው አቤቱታ ጋር "ክርክሩ እስኪያልቅ ልጄ እኔ ጋ ትቆይ" ብለሽ ጊዜያዊ ትእዛዝ ጠይቂ፤ ቀለብም አብረሽ ጨምሪ። የልደት ሰርተፊኬት፣ የክትባት ካርድ፣ የኬጂ ክፍያ ደረሰኝ ያዢ፤ ማን እንዳሳደጋት የሚያውቅ ጎረቤት አስመዝግቢ። ትእዛዙ በእጅሽ ከገባ ያው ፖሊስ "የቤተሰብ ጉዳይ" ሊልሽ አይችልም። አትዘግዪ፤ ልጅቷ እዚያ ኬጂ ከለመደች "ለምን እናናውጣት?" ብሎ አባቷ ይከራከርሻል። እሱ እንዲያያት ቀንና ሰዓት ራስሽ አቅርቢ፣ ዳኛ ፊት ያምርብሻል።

ቆጪ፦ ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ነው። አቅም ከሌለሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይጽፉልሻል።

አባ ቡና፦ እሺ፣ ሚኒባሱን ትቼዋለሁ።

እኔም አባት ነኝ፦ ሚዛን፣ ያ "ቀንና ሰዓት" ያልከው ለአባትም ይሠራል? የኔ ልጅ 7 ዓመቱ ነው፣ እናቱ ውሳኔውን አታከብርም።

ሚዛን፦ ውሳኔ ካለህማ እንዲፈጸምልህ ፍርድ ቤት የአፈጻጸም መዝገብ ክፈት። ሌላ ጥያቄ አድርገህ ጻፈው፣ እዚህ አታደባልቀው።