ቁርባን የጡረታ አበል ነው እንዴ?

የጉለሌው፦ ባለፈው እሁድ አንድ ሰባኪ ዓውደ ምሕረት ላይ ቆሞ "ወጣቶች ፈተናችሁ ብዙ ነው፤ ቁርባኑ ይቆያችሁ፣ መጀመሪያ ተረጋጉ" ሲል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ከቅዳሴ በኋላ የሚቀበለውን ሰልፍ አይታችሁታል? የታቀፉ ሕፃናት፣ ከዚያ ነጠላ የተከናነቡ እናቶች። መሀሉ ባዶ ነው። ቁርባን የጡረታ አበል ነው እንዴ፣ ስልሳ ሲሞላን የሚሰጠን?

ወለተ ማርያም፦ "የጡረታ አበል"? እናቴ የቆረበችው በስተርጅናዋ ነው። እሷን ነው ጡረተኛ ያልካት? አፍህን ሰብሰብ አድርግ።

የጉለሌው፦ እናትሽን ማን ነካ? እኔ ያልኩት ሰባኪውን ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀን በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙን ተቀብለናል። መቼ ነው እንግዲህ ብቃታችን የጠፋው? ጢም ስናወጣ?

ዲያቆን ነኝ፦ ወንድሜ፣ ጢም ስታወጣ ሌላም ብዙ ነገር ታወጣለህ። ካህኑ እጁን ታጥቦ "ንጹሕ የሆነ ይቀበል፣ ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል" ብሎ የሚያውጀው ለማን መሰለህ? ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት። እኔ ቤተልሔም፣ ኅብስቱ የሚዘጋጅበት ቤት አድሬ፣ ኅብስቱ ሲጋገር፣ ዘቢቡ ተዘፍዝፎ ሲጨመቅ አያለሁ። አምስት ልዑካን፣ ማለትም ቀዳሾች ካልተሟሉ አይቀደስም። ተቀባዩም 18 ሰዓት ይጾማል። እግረ መንገድህን ጎራ ብለህ የምትቀበለው አይደለም።

የሳሪሱ፦ ዲያቆን፣ ጥቅሱን ጨርሰው እንጂ። 1ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 "ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ" ነው የሚለው። ፈትኖ ይቅር የት ላይ አለ?

ጸጋ ብቻ፦ እኛ ጴንጤዎቹ ጋ በወር አንዴ ሁላችንም እንወስዳለን። ጌታ "ይህን ለመታሰቢያዬ አድርጉት" አለ እንጂ 18 ሰዓት ጹሙ አላለም። ደቀ መዛሙርቱም እራት እየበሉ ነው የተቀበሉት።

ወለተ ማርያም፦ ይቺ ደግሞ መጣች። ቆሮንቶሶችም እየበሉ ነበር፤ አንዱ ሰክሮ፣ አንዱ ተርቦ። ጳውሎስ የምትበሉበት ቤት የላችሁም ወይ ብሎ የተቆጣቸው ለዚህ ነው። ዮሐንስ 6 ላይ "ሥጋዬ እውነተኛ መብል ነው" ሲል ብዙዎቹ ጥለውት ሄዱ። ኧረ ተመለሱ፣ መታሰቢያ ማለቴ ነው ብሎ ጠራቸው?

መካነ ኢየሱስ ያደግኩ፦ ጴንጤን ሁሉ በአንድ አትጠቅልሉ። እኛ ሉተራን ነን። ሉተር በ1529 ማርቡርግ ላይ መታሰቢያ ነው ከሚለው ከዝዊንግሊ ጋር ሲከራከር ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ "ይህ ሥጋዬ ነው" ብሎ ጽፎ ከዚያች ንቅንቅ አላለም።

ጸጋ ብቻ፦ አሁን እርስ በርሳችን ልንጣላ ነው?

የሳሪሱ፦ ተጣሉ በናታችሁ፣ እኛ ትንሽ እንረፍ።

ዲያቆን ነኝ፦ ወደ ጉዳያችን። የጉለሌው፣ ለመሆኑ ንስሐ አባት አለህ?

የጉለሌው፦ አሉኝ። በዓመት አንዴ መጥተው ቤቱን ጠበል ረጭተው ይሄዳሉ። "አባ፣ መቁረብ እፈልጋለሁ" ስላቸው ሳቁ። "አግባና ከሚስትህ ጋር በተክሊል ትቆርባለህ" አሉኝ። ሚስት እስካገኝ ድረስ ያለ ክርስቶስ ልኑር?

ወለተ ማርያም፦ ልክ ናቸው። ቆርበህ በማግስቱ ብትወድቅስ?

የጉለሌው፦ ሳልቆርብም እየወደቅሁ እኮ ነው! መድኃኒት ነው ትላላችሁ፤ ታሞ የመጣውን ደግሞ ድነህ ተመለስ ትላላችሁ። እናትሽ ከቆረቡ ወዲህ ጎረቤት ተቆጥተው አያውቁም?

ወለተ ማርያም፦ አሁንም እናቴን!

ሪያድ ያለሁ፦ እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን የሚባል ነገር የለም። የሰው ቤት ነው የምሠራው። እሁድ ዕቃ እያጠብኩ ቅዳሴ በስልክ እከፍታለሁ፣ ማዳም እንዳትሰማ ድምፁን ቀንሼ። መቀበያው ሰዓት ሲደርስ እዘጋዋለሁ፣ አልችልም። ከመጣሁ ጀምሮ አልቆረብኩም። እናንተ ደጃችሁ ላይ እየተቀደሰ ይቆየን፣ አይቆየን ትባባላላችሁ።

ዲያቆን ነኝ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያስብሽ። ግን ስሜት ሥርዓትን አይሽርም።

የሳሪሱ፦ "ስሜት" ነው ያልካት?

ዲያቆን ነኝ፦ ቃሌን አታጣምም።

የሳሪሱ፦ ቃልህ እላይ ተጽፏል፣ ውጣና አንብበው። ቁርባን የናፈቃትን ልጅ "ስሜት"!

ወለተ ማርያም፦ አንተ ጠበቃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የቆረብከው መቼ ነው?

የሳሪሱ፦ ሰባት ዓመቴ ላይ መሰለኝ። ታዲያ ለምን የምጮህ መሰለሽ?

ዲያቆን ነኝ፦ እስቲ በፍልሰታ ኑ። አስራ አምስቱንም ቀን ይቀደሳል፤ ወጣቱም ሲቆርብ ታያላችሁ። ማንም አልከለከለም።

የጉለሌው፦ እሺ፣ በፍልሰታ የበቃው ሰውዬ ጳጉሜን ላይ ምን ነካው?

ወለተ ማርያም፦ የዚህ ልጅ አፍ!