አፕሌ ተጋደመ፣ ቶሎ መልስ እፈልጋለሁ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊቱን ዝናብና ነፋስ ሲያምሰን አደረ። ጠዋት ብወጣ አንዱ አፕል ፍሬውን እንደያዘ ተጋድሟል። ድንክ ነው ተብሎ ነው የሰጡኝ። ጎረቤቴ አቅንተን ግንዱን እስከ ጉልበት አፈር እናልብሰው ይላል። እንዳይረዝም የሚረጭ ሆርሞንም አለ አሉ። ምን ልግዛ?

የመንዝ ልጅ፦ ችካል ምታለት።

አፈር ገፊ፦ ከመጋጠሚያው (የላይኛው ዝርያ ከታችኛው ግንድ ከተጣበቀበት) ተሰበረ ወይስ ከስሩ ተነቀለ? የታችኛው ግንድስ (ሩትስቶኩ) ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ አልተሰበረም፣ በአንድ ጎን ስሩ ተነቅሎ ነው። ወረቀቱ ኤም 9 ይላል።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ ድንክ የሚያደርገው የታችኛው ግንድ ነው። ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ከለጋው ጫፍ ይመነጭና በቅርፊቱ በኩል ወደ ስር ይወርዳል። የኤም 9 ቅርፊት ይህን ጉዞ ያዘገየዋል። ስሩ ኦክሲን ሲያንሰው እድገቱ ይቀንሳል፣ ወደ ላይ የሚልከው ሳይቶካይኒን የሚባል ሌላ የእድገት ሆርሞንም ያንሳል፣ ስለዚህ ቅርንጫፉም ረጋ ይላል። ግንድ የሚያስረዝመው ሆርሞን ጂብሬሊንም እጁ አለበት። ኤም 9 ከእንግሊዙ ኢስት ሞሊንግ የምርምር ጣቢያ የወጣ ነው፤ ስሩ በቀላሉ ስለሚሰበር ዕድሜ ልኩን ድጋፍ ይፈልጋል።

የመንዝ ልጅ፦ እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ችካል!

ጣርማበር፦ በኛ ነፋስ ድንክ ዛፍ ምን ይሠራል? ኤምኤም 106 የሚባለው የታችኛው ግንድ ያለበትን ብትተክል ትንሽ ይረዝምብሃል እንጂ በደንብ ይቆምልሃል።

ጠያቂ፦ እሱን ለሌላ ጊዜ። አሁን የወደቀውን ምን ላድርገው?

አፈር ገፊ፦ አትቅበረው! መጋጠሚያው አፈር ከገባ የላይኛው ዝርያ የራሱን ስር ያወጣል። ኦክሲኑ ኤም 9ን ሳይነካ ወደ አዲሱ ስር ይወርዳል፣ ድንክነቱም ቀረ ማለት ነው። አሁኑኑ አብዛኛውን ፍሬ አውርድለት፣ ያሳዝናል ግን ክብደቱ ነው የጣለው። አፈሩ እርጥብ እያለ ሁለት ሰው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አቅኑት። የተጋለጠውን ስር አልብሱት፣ መጋጠሚያው ግን ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ያህል ይታይ። ጠንካራ ችካል ምታና በከመነዳሪ ቁራጭ ላላ አድርገህ እሰረው፣ ሽቦ ቅርፊቱን ያርደዋል። የሚረጨውን እርሳው። እንደ ፓክሎቡትራዞል ያለው ጂብሬሊን እንዳይመረት ያግዳል እንጂ ስር አያጠነክርም፣ አፈር ውስጥም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

የመንዝ ልጅ፦ የጎረቤትህን አካፋ ደብቅ 😂

ጣርማበር፦ እግረ መንገዴን፣ የኔ ከመጋጠሚያው በታች ቡቃያ እያወጣ ነው። ልተወው?

አፈር ገፊ፦ አትተወው፣ የታችኛው ግንድ ቡቃያ ነው። ለጋ ሳለ ከመነሻው ገንጥለው። ጠያቂ፣ ቆመልህ?

የመንዝ ልጅ፦ ጠፋ እኮ ሰውዬው።