ለሁለት ወር በጎ ፈቃድ አገልግሎት ውጭ አገር ልሄድ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ መምህርት ነኝ። ሁለት ወር እረፍት አለኝ፤ ሌላ አገር ሄጄ የተቸገሩ ሰዎችን ማገልገል ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ነገር ነው። አንድ አስጓዥ ድርጅት ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ እመድብሻለሁ ብሎኛል። የጠየቀኝ ክፍያ ግን ዳጎስ ያለ ነው። ስለ ሥራ ልምዴም፣ ከወንጀል ነፃ ስለመሆኔም ምንም አልጠየቀኝም። ይሄ ነገር ጤነኛ ነው? ቪዛና ክትባቱስ እንዴት ነው?

መንገደኛዋ፦
እህቴ፣ ማሳደጊያውን ተይው። ማንነትሽን ሳያጣራ ልጆች ጋር የሚያስገባሽ ድርጅት ሌላውንም ሰው እንደዚያው ያስገባል። ካምቦዲያ ውስጥ በማሳደጊያ ከሚኖሩ ልጆች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት አላቸው፤ ይህን ያለው ዩኒሴፍ ነው። እዚያ ያስገባቸው ድህነት ነው። ቤተሰቡ “ይማራሉ፣ ይበላሉ” ሲባል አምኖ ይሰጣል። ጎብኚ ገንዘብ ይዞ በመጣ ቁጥር ደግሞ አልጋው ባዶ እንዳይሆን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ማሳደጊያ ውስጥ የሚደረግ በጎ ፈቃደኝነት ለልጆች ዝውውር በር ሊከፍት እንደሚችል አስጠንቅቋል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ መጥታ እጄን ያዘች። ስሜን አልጠየቀችኝም። “መቼ ነው የምትሄጂው?” አለችኝ። ከእኔ በፊት ስንት ሰው ሄዶባት ይሆን? እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

አስተባባሪው፦
እኔ ደግሞ እንግዶቹን ከሚቀበለው ወገን ነበርኩ። በጎ ፈቃደኛ ሲመጣ ከእኛ አንዱ ሥራውን ትቶ ያስተረጉማል፣ ያመላልሳል። አንዴ ስምንት ወጣቶች የመማሪያ ክፍል ሊቀቡ መጡ። ከሁለት ወር በፊት የመጡት ቀብተውት ነበር። የሰፈሩ ቀለም ቀቢ ሥራ አጥቶ በር ላይ ቆሞ ያያቸዋል። በጣም ነው ያሳዘነኝ።

አንቺ ግን ሙያ አለሽ። ልጆቹን ሳይሆን መምህራኑን አግዢ። አንቺ ስትመለሺ እነሱ እዚያው ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች ፕሮግራምንም እይው፤ የመኖሪያ አበል ይሰጣል እንጂ አያስከፍልም። ቤት ሆነው በኢንተርኔት የሚያገለግሉበት መንገድም አለው። ቪዛውን በተመለከተ፣ ብዙ አገር በቱሪስት ቪዛ ያለ ደመወዝ መሥራትንም አይፈቅድም። አስጓዡን ሳይሆን ኤምባሲውን ጠይቂ።

ነርሱ፦
የጤናውን ልንገርሽ። ከመሄድሽ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ሐኪም ጋ ቅረቢ። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ አገር ከሆነ፣ ከመግባትሽ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መከተብ አለብሽ። የክትባት ካርዱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የወባ መከላከያ ኪኒን ከታዘዘልሽ ቤትሽ ስትገቢ እንዳታቋርጪው። እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ለ7 ቀን ወይም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሻ ከነከሰሽ ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውኃ እጠቢና ቶሎ ሕክምና ሂጂ። ትንሽ ናት ብለሽ አትተያት።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አስጓዡን “ከክፍያዬ ስንቱ ነው ለልጆቹ የሚደርሰው?” ብዬ ብጠይቀው መልስ አጣሁ። ትቼዋለሁ። አሁን ከአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ጋር እየተጻጻፍኩ ነው። ሁለት ወር አያንስም ግን?

አስተባባሪው፦
እዚያ ደርሰሽ ከጀመርሽ ያንሳል። ከአሁኑ ጀምሪ። የመማሪያ መጽሐፋቸውን ፎቶ አንስተው ይላኩልሽ፤ በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምሩና ተማሪዎቹን የሚያስቸግረው የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ምን ይዘሽ እንደምትሄጂ ከእነሱ መልስ ታውቂዋለሽ።