አስቸኳይ፦ ደቢያን ስጭን ሰርቨሩ ኔትወርክ እምቢ አለ

የገላኑ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ገላን መጋዘን ውስጥ ነኝ። ሰርቨር ላይ ደቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም እየጫንኩ ኔትወርክ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፋይል ይጎድላል፣ በፍላሽ ትሰጠኛለህ ወይ ይላል። «አይ» ብዬ ሳልፍ ደግሞ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) አያገኝም። ጠዋት መኪኖቹ ጭነት ሳይጀምሩ የዕቃ መመዝገቢያው መነሳት አለበት። እባካችሁ ድረሱልኝ!

ገመድ፦ ገመዱን ቀይረህ ሞክር።

ቃሊቲ ቴክ፦ ምን ዓይነት ሰርቨር? ደቢያን ስንት?

የገላኑ፦ ዴል አር710፣ ያገለገለ፣ ከመርካቶ የተገዛ። ደቢያን 11። ገመዱ ደህና ነው፣ ላፕቶፔ ላይ ይሠራል።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ከመገዛቱ በፊት የሚጣራ ነገር ነው። ሻጩ «ይሠራል» ቢልህ በምን ሲስተም እንደሆነ አይነግርህም። ያገለገለ ሰርቨር ስትገዙ ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው ሱቁ ውስጥ አስነሱት። አይፒ ሲያገኝ በዓይናችሁ ካላያችሁ ብር አትቁጠሩ። ስንት ሰው መከርኩ፣ የሚሰማ የለም እንጂ!

ዊንዶውስ ይሻላል፦ ለአንድ መጋዘን ሰርቨር ምን ይሠራል? ዴስክቶፕ ግዛና ዊንዶውስ ጫንበት፣ በጊዜ ቤትህ ትገባለህ።

የገላኑ፦ ዴስክቶፕ ነበር። ዲስኩ ተበላሽቶ መዝገቡ ሁሉ ጠፋ። ሁለት ዲስክ ላይ እኩል የሚጽፍ የተፈለገው ለዚህ ነው።

ገመድ፦ እሺ ፖርቱን ቀይር። አራት አለው አይደል? መብራት ሳይሄድብህ ግን ቶሎ በል 😄

ቃሊቲ ቴክ፦ አራቱም ፖርት ያው ብሮድኮም 5709 ካርድ ነው፣ መቀያየሩ ዋጋ የለውም። ድራይቨሩ (ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ቢኤንኤክስ2 ደቢያን ውስጥ አለ። የጎደለው ካርዱ ሲነሳ የሚጫንበት ፈርምዌር ነው፣ ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ነፃ (ኮዱ ክፍት) ሶፍትዌር ስላልሆነ የደቢያን 11 መደበኛ ኢንስቶለር (መጫኛ) አልያዘውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ደቢያን 12 ግን ይዞት ይመጣል። ዳታህ ከበቃ እሱን አውርድ።

ካልበቃ በስልክህ ከደቢያን ገጽ «ፈርምዌር ቢኤንኤክስ2» የሚባለውን ፓኬጅ አውርድ፣ የ11ን። ትንሽ ፋይል ናት። ሌላ ፍላሽ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አድርገህ ዝም ብለህ ገልብጣት፣ ዚፕ ምናምን አያስፈልግም። ኢንስቶለሩን እንደገና አስነሳ። ያ ጥያቄ ሲመጣ ፍላሹን ሰክተህ «አዎ» በል።

ሃኒ፦ ሁለተኛ ፍላሽ ከሌለህ አንድሮይድ ስልክህን በዩኤስቢ ሰክተህ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ማጋሪያ) ክፈት። ብዙ ጊዜ ኢንስቶለሩ እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ዳታ ግን ይበላል። ጭነህ ስትጨርስ ሶርስ ሊስቱ (ደቢያን ፓኬጅ የሚያወርድባቸው ምንጮች ዝርዝር) ላይ «ኖን ፍሪ» የሚባለውን፣ ነፃ ያልሆኑ ሶፍትዌሮች ያሉበትን ክፍል ጨምርና ፈርምዌሩን በደቢያን ፓኬጅ መጫኛ በአፕት ጫነው። ይህን ከዘለልክ ስልኩን ስትነቅል ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል።

ገመድ፦ ራውተሩን አጥፍተህ አብራው።

ቃሊቲ ቴክ፦ የገላኑ፣ እንዴት ሆነ?

ሰበታ 24፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔ ኢኤስኤክስአይ 7 (አንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድ የቪኤምዌር ሲስተም) ስጭን የኔትወርክ ካርድ የለም ብሎ ያቆመኛል። ካርዱ ሪልቴክ ነው። ፈርምዌር በፍላሽ ብሰጠው ይሠራል?

ቃሊቲ ቴክ፦ አይሠራም። ያንተ ችግር ፈርምዌር ሳይሆን ድራይቨር ነው። ኢኤስኤክስአይ ከ7 ጀምሮ የድሮዎቹን የሊኑክስ ድራይቨሮች አይቀበልም፣ የሪልቴኩም በዚያው ቀረ። ኢንቴል አይ350 ካርድ ፈልግና ግጠምበት።