የሐሙስ ክርክር፦ ሚዲያ የራሱን መንግሥት ገበና ይሸፍናል?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ጥያቄ ያለፈው ሳምንት ጭቅጭቅ ቅጥያ ነው። አንዱ አባላችን «የኢትዮጵያው ብቻ አይደለም፤ የትም አገር ያለ ሚዲያ የራሱን መንግሥት የሚያሳፍር ዜና ሲመጣበት ድምፁን ይቀንሳል» ብሎ ጽፎ ነበር። ግማሹ ሰው ልብ ሰጠው፣ ግማሹ ሰደበው። ስድቡን ትተን እንከራከር። ደንቡ አንድ ነው፦ የሰሜኑን ጦርነት አታንሱብኝ። ባለፈው አንስተነው አሥራ አራት ሰው ከግሩፑ ወጥቷል።

ሻይ በሎሚ፦
ጸሐፊው እኔ ነኝ። አሁንም ከቃሌ አልመለስም። ከቤት ልጀምር። በ1965 ወሎ ውስጥ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ነበር። የአዲስ አበባ ጋዜጣና ሬዲዮ ግን ወሬያቸው ሌላ ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶ አንስተው መጡ። ፎቶው ግቢ ውስጥ ታየ፤ ጋዜጣ ላይ የለም። ጥቅምት 1966 ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የረሃቡን ፊልም ለንደን ላይ ሲያሳይ ጉዱ ወጣ። እስቲ አስቡት። የወሎን ረሃብ የለንደን ሰው በቴሌቪዥን ሲያይ የአዲስ አበባ ሰው ገና አላየም።

የፒያሳ ልጅ፦
ይሄማ የንጉሥ ዘመን ነው። ጋዜጣው የመንግሥት፣ ሬዲዮው የመንግሥት፣ ሳንሱሩ የመንግሥት። ምኑ ነው የሚያከራክረው?

ሻይ በሎሚ፦
ቆይማ፣ አላለቀም። ያንን ፊልም እዚህ አገር ማን አሳየው? ደርግ። መቼ? መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ በእንቁጣጣሽ። የተራበ ሕፃን ይታይና ወዲያው የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል። ቆራርጠው ቀላቀሉት። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። አሥር ዓመት ቆይቶ ያው ረሃብ በደርግ ላይ ሲመጣስ? ያ ቴሌቪዥን የአሥረኛውን ዓመት የአብዮት በዓል ያሳየን ነበር። ሰልፍ፣ ቀይ ባንዲራ፣ ኢሠፓ ተመሠረተ። የኮረምን ሕዝብ ጥቅምት 1977 ለዓለም ያሳዩት የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ናቸው። የንጉሡን ጉድ ለማውጣት የማንም ካሜራ ይበቃል። የራስህን ለማውጣት ግን ካሜራው ይበላሻል።

የፒያሳ ልጅ፦
ለፍትሕ ያህል አንድ ነገር ልጨምር። መጋቢት 1976 ላይ ዕርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለጋሾችን ሰብስቦ ሊመጣ ያለውን ተናግሯል። የሰማው ጠፋ። ስለዚህ ዝምታው የእኛ ብቻ አልነበረም። ደግሞ እንግሊዞቹን አታምልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋል ውስጥ ሰው በሚሊዮን ሲያልቅ ቅኝ ገዢው መንግሥት «ረሃብ» የሚባለውን ቃል ሲሸሽ ነው የከረመው።

ሻይ በሎሚ፦
እኔን እየደገፍከኝ እንደሆነ ገብቶሃል?

የፒያሳ ልጅ፦
አልጨረስኩማ። ፎቶውን ያወጣው ማን ነው? ካልካታ ያለው ዘ ስቴትስማን። ባለቤቶቹም አዘጋጁም እንግሊዞች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ገጹ ላይ ዘረገፈው። መንግሥታቸው ጦርነት ላይ ነበር እኮ። «አሁን ጊዜው አይደለም» ማለት ይችሉ ነበር።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ነገር ልበል።

በዚያ በደርጉ ጊዜ እኔ አንድ ዜና ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሳንሱር ሲባል በር ላይ የቆመ ወታደር ይመስላችኋል። የእኛው እስክሪብቶ ነበር። ከክፍለ ሀገር ዜና በስልክ ይመጣል። መስመሩ ይንሿሿል፣ እየጮህኩ እቀበላለሁ፣ በእጄ እጽፋለሁ። «በረሃብ የተጎዱ ወገኖች» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ «ረሃብ» ላይ አሰመረና ከላይ «የዝናብ እጥረት» ብሎ ጻፈ። ደግ ሰው ነበር፤ ሻይ ይጋብዘኛል። ሁለተኛም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው እኔው ራሴ «የዝናብ እጥረት» ብዬ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶውም አላስፈለገ። ይሄን በኩራት የምናገር እንዳይመስላችሁ።

ሌላው ደግሞ ሰው የማያየው ነገር አለ። ዜና አይቀበርም፤ ወረፋ ይይዛል። አንደኛ፣ ጓድ ሊቀመንበር እንግዳ ተቀብለው አነጋገሩ። ሁለተኛ፣ የእንትን ፋብሪካ ሠራተኞች ከዕቅድ በላይ አመረቱ። የወሎው ከስፖርቱ በፊት፣ ሰው እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ይነበባል። «አልዘገባችሁም» ብትሉን መዝገብ አውጥተን እናሳያችሁ ነበር። ተዘግቧል!

የአሽዶዷ፦
ጋሼ፣ ስለነገሩን ያክብርልን። ይሄንን የሚናገር ሰው ብዙ የለም።

እኔ እስራኤል ነው የምኖረው። ሻይ በሎሚ «የትም አገር» ያልከው ላይ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ማዕሪቭ የሚባለው ጋዜጣ ያወጣውን እዚህ ያለ የኛ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ቤተ እስራኤል፣ ማለትም ከኢትዮጵያ የመጣነው አይሁዶች፣ የሚለግሰውን ደም ኤችአይቪ ፈርተው ለዓመታት በድብቅ ሲደፉት ነበር። ሰውየው እጁን ይዘረጋል፣ ጥጡን ተጭኖ ይቀመጣል፣ «ተባረክ» ተብሎ ይሄዳል። ደሙ ወደ ቆሻሻ። በሺዎች ሆነን ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣን። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። መንግሥት የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮንን ሰብሳቢ አድርጎ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ይሄን ጉድ ያወጣው የውጭ ሚዲያ አይደለም። የራሳቸው ጋዜጣ፣ በራሳቸው ቋንቋ።

የፒያሳ ልጅ፦
«ለዓመታት» አልሽ እኮ እህቴ። እነዚያን ዓመታት ጋዜጠኞቹ የት ነበሩ?

የአሽዶዷ፦
እውነትህን ነው። እኔም የሚከነክነኝ እሱ ነው። ሁለተኛውን ልንገርህ። የዴፖ ፕሮቬራን፣ ተገደን ተወጋነው የሚሉትን የወሊድ መከላከያ መርፌ ነገር፣ የኛ ሴቶች እርስ በርሳቸው ቡና ላይ ሲያወሩት ነው የኖሩት። በአማርኛ ስለሆነ ማን ይስማቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሴቶቹን አቅርባ አናገረች። ብዙም ሳይቆይ የጤና ሚኒስቴሩ ኃላፊ «ሴትየዋ ምንነቱን ካልተረዳች መርፌውን አታድሱ» ብሎ ለሐኪሞች ጻፈ። በኋላ የመንግሥት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት «ተገደዱ ለሚለው ማስረጃ አላገኘሁም» አለ። እሱ ላይ እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

እዚህ አገር ጋዜጠኛ መንግሥትን ለማሳፈር አይፈራም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሲያዋርዱ ነው የሚውሉት። ግን የተበደለው ሰው ዕብራይስጡ የተሰባበረ ሲሆን፣ በዜና ክፍሉ ውስጥ ዘመድ ሳይኖረው ሲቀር፣ ዜናው ይዘገያል። ይሄ ለመንግሥት ማድላት ይባል ወይ ሌላ ስም ይሰጠው፣ እናንተ ንገሩኝ።

ከቨርጂኒያ፦
አሜሪካ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ታክሲ ስለምነዳ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ጆሮዬ ላይ ነው። እዚህ ሚዲያው ፈሪ ነው ብል እግዜርም ይታዘበኛል፤ ኒክሰንን ያህል ሰው ከወንበሩ አስነስቷል። ግን ኒውዮርክ ታይምስን እዩት። መንግሥት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ የሰው ስልክ እንደሚጠልፍ ጋዜጠኞቹ ደረሱበት። ዋይት ሃውስ «ለአገር ደኅንነት ስትሉ አታውጡት» አለ። እሺ ብለው ከዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ። የወጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ነው። ቡሽ ሁለተኛውን ምርጫ ካሸነፈ ዓመት አልፎታል።

ጋሼ ያሉት ወረፋም አለ። ከኢራቅ ጦርነት በፊት «ሳዳም መሣሪያ ደብቋል» የሚለው ፊት ገጽ ላይ ይወጣል፤ ጥርጣሬው ውስጥ ገጽ ይወሸቃል። ይሄን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 ጋዜጣው ራሱ አምኖ ጽፎታል።

ሻይ በሎሚ፦
አላልኳችሁም!

ከቨርጂኒያ፦
ቀስ በል ወንድሜ። ጥፋቱን ያተመው ራሱ ነው እያልኩህ እኮ ነው። እኛ አገር እርማት የሚወጣው የሚኒስትር ማዕረግ ሲገደፍ ነው።

ወሎዬዋ፦
ስለ አሜሪካ ድምፅስ ምን ትላላችሁ? የመንግሥት ገንዘብ ነው የሚያሠራው።

ከቨርጂኒያ፦
ጥሩ አነሳሽ። ኒክሰንን የጣለውን የዋተርጌት ቅሌት አንድ በአንድ ለዓለም ያሰማ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ፕሬዚዳንት ፎርድ በፈረመው ሕግ ዜናው ሚዛናዊ እንዲሆን ግዴታ አለበት። የአማርኛውን ደግሞ መለስ በ2002 ዓ.ም. የሩዋንዳን ጭፍጨፋ ካራገበው ሬዲዮ ከሚል ኮሊን ጋር አመሳስለው በአደባባይ ወርፈውታል፤ ሞገዱም ሲታፈን ነበር። እንዲያም ሆኖ አልጠፋም። ዝም ያሰኘው ዋሽንግተን ነው። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ የትራምፕ ትእዛዝ ወጣና ከ1,300 በላይ ሠራተኛ «ቤታችሁ ተቀመጡ» ተባለ። በዚያ ሰሞን አማቴ ደብረ ብርሃን ሆና እንደ ልማዷ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሬዲዮዋን ከፈተች። ሹሹታ ብቻ። ባትሪው አልቆ ነው ብላ በማግስቱ አዲስ ባትሪ ገዛች።

ወሎዬዋ፦
ውይ እማማ! እኔ ግን የመንግሥት ሚዲያ ብቻ መወቀሱ አይገባኝም። ዩቲዩበሩን እዩት። የመንግሥትን ገመና ሲዘከዝክ ያድራል። የራሱ ወገን ያጠፋ ቀን ግን ስለ አየር ንብረት ማውራት ይጀምራል። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የተባለው ለማን ሆነና። የግሉ ጣቢያም ቢሆን ከመንግሥት ድርጅቶች ማስታወቂያ ካላገኘ ደመወዝ ከየት ያመጣል?

የፒያሳ ልጅ፦
ልዩነት አለው እኮ። ዩቲዩበሩ ቢያዳላብኝ ሌላ እከፍታለሁ። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ግን ከውጭ አገር የሚሰራጩትን ኢሳትና ኦኤምኤንን ማየት ራሱ ተከልክሎ ነበር። ጎረቤታችን ዲሹን በአንሶላ ሸፍኖት ነበር፤ ልብስ የተሰጣ እንዲመስል። አንሶላው ዝናብም ፀሐይም ሲፈራረቅበት ከረመ።

እና አወያያችን፣ ስለ ሰሜኑ ጦርነት አንድ ነገር ብቻ...

አወያይ፦
ደንቡ ከላይ ተጽፏል።

የፒያሳ ልጅ፦
አያችሁ? እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ዜና ታፈነ።

አወያይ፦
እኔ መንግሥት አይደለሁም። ሰው እንዳይወጣብኝ ነው። ለጊዜው እንለፈው፣ ሰዉ ሲረጋጋ እናነሳዋለን።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ያ አለቃዬም የሚለው ይሄንኑ ነበር። ቃል በቃል።

ወሎዬዋ፦
😂😂😂

አወያይ፦
እሺ ጋሼ፣ ይሄስ ይገባኛል። የሚቀጥለው ሐሙስ ጦርነቱን ማን እንዴት ዘገበው የሚለውን እናነሳለን። ተሳዳቢ ካለ ግን አስወጣለሁ። የዛሬውን የድምፅ ውጤት ነገ ጠዋት አወጣለሁ።

ሻይ በሎሚ፦
ከስፖርቱ በፊት ነው በኋላ?