ለሞተር ጀማሪዎች ጥቆማ፦ ሄልሜት ከየት፣ ስልጠና ከማን (ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መንዝ ላላችሁ)

ሰሞኑን አንዲት እህት ኢንቦክስ ጠይቃኝ ነበር፣ ጤና ባለሙያ ናት፣ ወደ መንዝ ተመድባ መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሊያስረክባት ነው እና "ማሰልጠኛ የትኛው ይሻለኛል፣ ሄልሜትስ ከየት ልግዛ?" አለችኝ። መልሱ ስለረዘመብኝ እዚሁ ልጻፈው፣ ሌላውም ይጠቀምበት። ሱቅና ማሰልጠኛ በስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ ደግሞ ባለቤቱ ሲቀየር ሥራውም ይቀየራል። ዋጋም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም።

እህቴ መጀመሪያ ሄልሜቱን እንጨርስ። ሞተሩ የመንግሥት ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ያንቺ ነው። ከሞተሩ ጋር አብሮ አሮጌ ሄልሜት ቢያስረክቡሽ ፈርመሽ ተቀበይና መጋዘን አስቀምጪው፣ ካንቺ በፊት ስንት ጊዜ እንደወደቀ ማን ያውቃል፣ ውስጡ ያለው ነጩ ፎም አንዴ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ተመልሶ አይነፋም፣ ከውጭ ስታይው ግን ምንም የሆነ አይመስልም። ሰልባጅ ሄልሜት አትግዙ የምለውም ለዚሁ ነው።

እዚህ እኛ ጋ የሚገኘው ያው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው መንገድ ዳር ከመነጽርና ከቀበቶ ጋር የሚሰቀለው ግማሽ ሄልሜት ነው፣ "ለትራፊክ" ተብሎ የሚገዛው ማለት ነው፣ ትራፊክ ሲታይ ጭንቅላት ላይ ሲታለፍ ክንድ ላይ። (የግንባታ ቆብ አድርጎ ሞተር የሚነዳ ሰውም አይቻለሁ፣ እሱንስ ተዉት።) የኔም የመጀመሪያዬ ይሄው ነበር፣ ጥቁር የሚያብረቀርቅ፣ ኋላው ላይ ዘንዶ የተለጠፈበት፣ በጣም ነበር የምወደው። አንድ ቀን ከአርማንያ ወደ ደብረ ሲና ስመጣ አህያ ገባችብኝ፣ ፍጥነቴ ሠላሳም አይሞላም፣ የኋላ ፍሬን ብቻ ረገጥኩ፣ ጎማው ተንሸራተተ፣ እኔ በትከሻዬ አስፋልቱ ላይ ስሄድ ሄልሜቴ ከኔ ቀድሞ ገደል ገብቷል። አገጬ ሰባት ስፌት ተሰፋ። ሄልሜቱን እስከዛሬ አልፈለግኩትም፣ እረኞች ውሃ እየጠጡበት ይሆናል።

ሁለተኛው መለዋወጫ ቤቶች ውስጥ የሚሸጠው ሙሉ ፊት የሚሸፍነው የህንድ ሄልሜት ነው። የህንድ ደረጃ ምልክት አለው፣ አይ.ኤስ.አይ. የሚል፣ ከሱ ጋር አይ.ኤስ. 4151 የሚል ቁጥር ፈልጊበት። ሦስተኛው አዲስ አበባ ወጥተሽ ወይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ አስልከሽ የምታገኚው የአውሮፓ ደረጃ ያለው ነው፣ ማሰሪያው ላይ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች፣ ክብ ውስጥ "ኢ" የምትል የፈረንጅ ፊደል ከቁጥር ጋር፣ 3 ከሆነ ጣልያን 9 ከሆነ ስፔን ነው ያጸደቀው፣ ከስሯ ያለው ረጅም ቁጥር በ05 ወይ በ06 ይጀምራል፣ 06 አዲሱ ደረጃ ነው። ኋላው ላይ "ዶት" የሚል (የአሜሪካ ደረጃ ማለት ነው) ስቲከር ብቻ ያለውን ግን አትመኚው፣ ስቲከር ማንም ያትማል።

የቱ ይሻላል ካልሽኝ ልክሽ የሆነው ይሻላል። የምሬን ነው፣ ልክ የሆነ የህንድ ሄልሜት ከሚዋልል የጣልያን ሄልሜት በስንት ጣዕሙ። በልብስ ሰፊ ሜትር ግንባርሽን ከቅንድብ በላይ አዙረሽ ለኪው፣ ብዙ ጊዜ 57 እና 58 ሚድየም ነው፣ 59 እና 60 ላርጅ፣ ግን ፋብሪካው ይለያያል ስለዚህ ሳትሞክሪ አትግዢ። ስታጠልቂው ጉንጭሽን ወደ ውስጥ ጭምቅ ማድረግ አለበት፣ ስታወሪ ጉንጭሽን ትነክሻለሽ። አስረሽው ከኋላ በኩል ከስር ይዘሽ ወደፊት ለመገልበጥ ሞክሪ፣ ከወጣ ለባለሱቁ መልሺለት፣ "ሲለመድ ይጠባል" ቢልሽ አትስሚው፣ ሲለመድ የሚሰፋ እንጂ የሚጠብ ሄልሜት የለም። ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ እንደተሠራሽ ሂጂና ለኪ።

ብርዱን ታውቂዋለሽ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጭ ነው፣ እና ሁላችንም የምናደርጋት ነገር አለች፣ የሱፍ ኮፍያ ከስር አድርገን ሄልሜት ከላይ። የኔ ሄልሜት የበረረው በዚህ ምክንያት ነው። ማሰሪያው በኮፍያው ላይ ነበር የታሰረው፣ ኮፍያው ሲንሸራተት ሁሉም ሄደ። ከስር ስስ ጭንብል ብቻ አድርጊ፣ አንገትሽን በፎጣ ጠቅልይ፣ ጋቢ ግን እንዳትለብሺ ጫፉ ካቴና ውስጥ ይገባል። ሌላው ደግሞ ሄልሜት በቤንዚን የሚወለውሉ ልጆች አሉ፣ ያበራል እውነት ነው ግን ቤንዚን ሽፋኑንም ፎሙንም ይበላዋል፣ ውሃና ሳሙና ይበቃል።

አንቺ ጤና ባለሙያ ስለሆንሽ ቁጥር ትወጃለሽ ብዬ ነው፦ ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ ሄልሜት ለሞተረኛ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ነው የተገኘው። የምታፈናጥጫት እናትም ጭንቅላት እንዳላት አትርሺ፣ ሁለተኛ ሄልሜት ከመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ ጠይቂ።

ወደ ስልጠናው ልግባ። ሁለት ቦታ አይቻለሁ፣ አንዱ ትልቅ ነው፣ የመኪናው ስልጠና ጥሩ ነው ይባላል፣ ሞተር ላይ ግን ለአሥር ሰው አንድ ሞተር፣ ተራሽ ሲደርስ ስምንት ቁጥር ሁለቴ ትዞሪና ውረጂ፣ ፈተናውም ስምንት ቁጥርና ቆርኪ መሰል ኮኖች መሃል ማለፍ ስለሆነ ታልፊያለሽ። መንጃ ፈቃድ ይዘሽ መንዳት ሳትችይ ትወጫለሽ ማለት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ ግቢው ጭቃ፣ ቢሮው ወንበር የለውም፣ ግን አሰልጣኙ ጋሼ ድሮ ለግብርና ቢሮ ያማሃ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፣ የመጀመሪያውን ቀን ሞተር ሳያስነሱ ፍሪሲዮን ብቻ ሲያስይዙን ዋሉ፣ ተናድጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ፒስታ ላይ አውጥተው በ40 እያስነዱ ድንገት "ቁሚ!" ወይ "ቁም!" ይላሉ። የፊት ፍሬን መያዝ የተማርኩት እዚያ ነው። ስትቆሚ ክብደቱ ሁሉ ወደፊት ጎማ ስለሚሄድ የሚያቆምሽ በዋናነት የፊቱ ነው፣ ግን እንደ ሎሚ ቀስ ብለሽ እየጨመቅሽ እንጂ አትያዢው፣ ቀጥ ብለሽ እንጂ ኩርባ ላይ አይደለም። አርማንያ ላይ ይሄን ባውቅ ኖሮ አህያዋም እኔም ደህና ነበርን።

ስለዚህ ስትመዘገቢ ሦስት ነገር ጠይቂ፣ ለአንድ ሞተር ስንት ሰው ነን፣ ከግቢ ውጪ ያስነዱናል ወይ፣ ፍሬን ለብቻው ታስተምራላችሁ ወይ። በሦስተኛው ጥያቄ ከሳቁብሽ ትተሻቸው ሂጂ። የመኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ ደግሞ፣ ሞተር የራሱ ምድብ ነው።

ከዚያ መንገዱ። ወደ መንዝ፣ ወደ መሃል ሜዳ ከተማ፣ ከጣርማ በር ተገንጥለሽ በመዘዞ በሞላሌ ነው የምትሄጂው፣ ጉም ሲመጣ አምስት ሜትር አይታይም። የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽሽ ይደበዝዛል፣ ውስጡን በደረቅ ሳሙና ቀብተሽ በንጹህ ጨርቅ ወልውይው፣ ትንሽም ክፈት አድርጊው። በ60 ስትሄጂ ፍሬን ለመያዝ እስክታስቢ አንድ ሰከንድ ብትወስጂ 17 ሜትር ያህል ሄደሻል፣ እና ጉም ውስጥ 60 ራሱ እብደት ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርጂ በሁለተኛ ወይ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ፣ ፍሬን ረግጠሽ ከወረድሽ ይሞቅና ታች ስትደርሺ አይዝም። በዜሮ ማርሽ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚወርዱትን አትከተያቸው።

ሞተሩን የመምረጥ ዕድል ካለሽ 100 ሲሲ እንዳትወስጂ። ባጃጅ ቦክሰርም ሆነ ቲ.ቪ.ኤስ. 150ው ይሻላል፣ አየሩ ከፍታ ላይ ስለሚሳሳ በካርቡሬተር የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበት ያጣል፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 በላይ ነው። ሸዋሮቢት ላይ የሚበር ሞተር ሰው አፈናጥጦ ዳገቱ ላይ ሲያለቅስ ታያለሽ።

ከለጠፍኩት በኋላ የጨመርኩት፦ "ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜት ያምራል፣ ልግዛ?" ያልከኝ ወንድሜ፣ ያምራል። ጣርማ በር ላይ ጣልያን የቀደደው ዋሻ ውስጥ በፀሐይ ሰዓት ሲገባበት ግን አይጥና ኤንትሬ የጭነት መኪና አይለይህም፣ ነጩንም ደርበህ ግዛና ጥቁሩን ለሠርግ አድርገው።